የመጨረሻው ሰው ሥራ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ባቆመ ሰሞን

መንገዱ ደረቀ፣ እኛም ወጣን። ብስክሌቴን ከኮሪደሩ ስጎትት ባለቤቴ በፒጃማው በሩ ላይ ቆሞ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ ማን እያባረረሽ ነው?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር መልስ ከሰጡት ካርታ ይዘረጋል።

ቡድናችን የድሮው አይደለም። ስንጀምር አራት ነበርን፤ አራታችንም ሐኪም «ወይ ተንቀሳቀሱ ወይ ኪኒን ልጨምር» ያለን ወፍራሞች። ከአራቱ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። አሁን የሚመራን የልብ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ቀጥላ ዳኛዋ አለች፤ በዋና ተጀምሮ፣ በብስክሌት ቀጥሎ፣ በሩጫ በሚያልቅ ውድድር ላይ የምትሳተፍ ጉደኛ ናት። አንድ የባንክ ኃላፊም አለ፤ በሆዴ «ቁጥሬ» ነው የምለው። ስልኩ የልቡን ትርታና የእግሩን ጉልበት ይነግረዋል፣ እሱ ደግሞ ለእኛ ይነግረናል። የቀሩትም ያው ናቸው። በሥራቸው አንደኛ የሆኑ ሰዎች ለመዝናናት ሲወጡም አንደኝነቱን ቤት ትተውት አይመጡም።

እኔ በጥርስ ሐኪም ቤት ምድር ቤት ተቀምጬ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምሠራ የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ። ከሁሉም ኋላ ነኝ። ዛሬም ከሁሉም ኋላ ነበርኩ።

ግን የመጨረሻው ሰው ሥራ አለው። ፊት ያለው ጉድጓድ ሲያይ እጁን ወደ መሬት ይጠቁማል፤ ከኋላው ያለው ያንኑ ይደግማል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እኔ ጋ ይደርሳል። እኔ ደግሞ ከኋላ መኪና ሲመጣ «መኪና!» እላለሁ፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ እስከ ፊት ይሄዳል፣ ሁሉም ጠርዝ ይይዛል። እነሱ ዓይን ናቸው፣ እኔ ጆሮ ነኝ። ይህ ሥራ ባይኖረኝ ኖሮ ገና ድሮ ትቼው ነበር። ይህንኑ ምሳ ላይ ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ። ምን እንዳሳቀው ብጠይቀው አልነገረኝም።

ሰኞ

ሻለቃው ዛሬም ጥርሱን በኪሱ ይዞ መጣ። ሙሉ የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ ሠርቼለት እሱ ግን ከመሀረቡ ጋር ነው የሚያኖረው። «ያመኛል» ይላል። አየሁት፤ የሚያመው ቦታ የለም። የሚያመው ኩራቱ ነው።

«ሻለቃ፣ ኪስ አያኝክም» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ነገር ካደረግኩማ አረጀሁ ማለት ነው።» ሰማንያን አልፏል።

ይህ ሰው ደስ ይለኛል፤ «አንቺ ልጅ» የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ግን በንግግሬ አልማርኩትም። ሰው ያጣውን ነገር በመደበቅ መልሶ አያገኘውም፣ ያለ ጥርስ የሚበላ ሾርባ ብቻ ነው፣ ማፈር ያለበት በጥርሱ ሳይሆን በግትርነቱ ነው፣ ብዬ ልክ ልኩን ነገርኩት። እንደ ሕፃን አቀርቅሮ ሰማኝ። ሲወጣ ግን ጥርሱን መልሶ ኪሱ ከተተው።

ረቡዕ ማታ

በቴሌቪዥኑ ተጣላን። ባለቤቴ ድምፁን ቀንሺው ይላል። እኔ ምን ላድርግ፣ የዛሬ ዘመን ዜና አንባቢዎች ቃል ይውጣሉ። ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ የሚያወሩም አሉ፤ ጥርሳቸው የተበላሸ ይመስል። እኔ አፍ አይቼ ነው የኖርኩት፤ ሰው አፉን ከፍቶ ሲናገር አንድ ቃል አያመልጠኝም።

«ጎረቤት ግድግዳውን መታ» አለኝ ባለቤቴ። አልሰማሁም።

ቅዳሜ

ሐኪሙ ሻይ ቤት ስንቀመጥ የወቅቱ መዝጊያ የዳገቱ ጉዞ ነው አለ። የጠመዝማዛው መንገድ፣ እስከ አናቱ። ሁሉም ደስ አላቸው። እኔም ደስ ያለኝ መሰልኩ።

ቁጥሬ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እማማ፣ አይስጉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ። ሳቁ። ክፋት የለበትም፣ አውቃለሁ። ግን እናቱ አይደለሁም፣ እንቁላልም አይደለሁም። አብሬ ሳቅሁና ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ስመለስ ብቻዬን ነበርኩ፤ ጥለውኝ ሄደው ነበር። ወደፊት ስመለከት የሚታየኝ ባዶ መንገድ ነው። ለምንድን ነው የምመጣው? እነሱ በየሳምንቱ ይፈጥናሉ፣ እኔ በየሳምንቱ ያው ነኝ። ያውም ያው ከሆንኩ ነው። ሐይቁ ዳር የሚዞሩ ጡረተኞች አሉ፤ እነሱ ጋ ብሄድ አንደኛ እሆን ነበር። የማይሆንበት ምክንያት ግን አለ፤ እነሱ ጋ መኪና የለም፣ «መኪና!» የሚል ሰው አያስፈልጋቸውም።

ማክሰኞ ማለዳ

ከሥራ በፊት በውኃ ማጠራቀሚያው ዳገት ላይ ልምምድ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ማጠፊያ ነው። የገበያ ዘንቢል የያዘች ሴትዮ በእግሯ ልትቀድመኝ ምንም አልቀራትም። ግማሹ ላይ ወረድኩ። ትናንት ያሰብኩት እስከ አናቱ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ

ደገምኩ። ከግማሽ ትንሽ አለፍኩ። ማንም አላየኝም፣ ግን ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ቅዳሜ

አጭር ነው የምጽፈው። የጭነት መኪና። ጥንድ ጥንድ ሆነው እያወሩ ነበር የሚሄዱት፣ መንገዱን ይዘውት። ቁጥሬ ጠጠሩ ውስጥ ገብቶ ወደቀ። ክርኑ ተላልጧል። ሌላ የለም፣ ተመስገን።

«መኪና» አልተባለም። ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

እሑድ ማታ

አሰብኩበት። የዛሬ መኪኖች እንደ ድሮው አይደሉም፣ ሞተራቸው ድምፅ የለውም። ነፋሱም ነበር። ሄልሜቱ ጆሮዬን ይሸፍነዋል። ደግሞ የእኔ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ማን ጥንድ ጥንድ ሂዱ አላቸው?

ቁጥሬ ከወደቀበት ሲነሳ መጀመሪያ ያየው ስልኩን ሳይሆን እኔን ነው። «እማማ፣ ምነው ዝም አሉ?» ብቻ ነው ያለው። በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ትልቅ መኪና ነበር፣ ሲያልፈኝ ንፋሱ ገፋኝ። ከመግፋቱ በፊት ግን እንዳለ አላወቅኩም። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ነፋሱ ነው።

ረቡዕ

ባለቤቴ ዛሬ ሁለት ጊዜ «እየጠራሁሽ ነው እኮ» አለኝ። ከሌላ ክፍል የሚጣራ ሰው መልስ አይጠብቅ። መጥቶ ፊቴ ላይ ያውራ።

ቅዳሜ ማታ

ደሜ ፈልቷል፣ ስለዚህ ሁሉንም ልጻፈው።

ጠዋት ስንነሳ ሐኪሙ ትከሻዬን ይዞ፣ «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዳኛዋ ከእርስዎ ኋላ ትሁን» አለኝ። አለቀ። ያቺ ከሁሉም የምትፈጥነው ሴት እንደ ሞግዚት ከኋላዬ ተሰለፈች። መንገዱን ሙሉ ጎማዋ ጎማዬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጉድጓድ ሲመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምጠቁምለት ሰው ነበረኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። መኪና ሲመጣ ደግሞ እኔ አፌን ሳልከፍት ከፊቴ ያሉት ጠርዝ ይይዛሉ። ሥራዬ ተወስዷል ማለት ነው።

ይባስ ብሎ ከሻይ ቤቱ ብስክሌቴን ላስር ወጥቼ በመስታወቱ አየኋቸው። የሐኪሙ አፍ ፊት ለፊቴ ነበር። ጥሩ ጥርስ አለው፣ ከንፈሩ በደንብ ይከፈታል፤ በመስታወት በኩልም ቢሆን ያለውን ከአፉ ላይ አነበብኩት። «ከእንግዲህ የመጨረሻ እሷ መሆን የለባትም» አለ። ቁጥሬ አንገቱን ነቀነቀ። ዳኛዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስለነበር ምን እንዳለች አላየሁም።

የመጨረሻ መሆን የለብኝም። ታዲያ ምን ልሁን፣ አንደኛ? ዘገምተኛ ነሽና ቤትሽ ቁጭ በይ ለማለት እንዴት ያለ ጨዋ አነጋገር ነው። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። እየጠሩኝ ከሆነም አልሰማሁም።

ቅዳሜ

አልሄድኩም። ቁምሳጥን አጸዳሁ።

ሰኞ

ባለቤቴ ኮቱን ብስክሌቴ መሪ ላይ ሰቀለው። «ዕቃ መስቀያ አገኘን» አለ። ኮቱን አንስቼ ቦታው ሰቀልኩ።

ቅዳሜ

አልሄድኩም። ጠዋት መንገዱ ላይ ሲያልፉ በመስኮት አየኋቸው። ዳኛዋ የመጨረሻዋ ነበረች። ቀና ብላ መስኮታችንን አየች። መጋረጃውን ለቀቅኩት።

የእኔ መቅረት እነሱን የነካቸው አይመስልም። ይህን ያህል ዓመት አብሬያቸው ስሄድ አንድም ቀን አልጠበቁኝም ብዬ መጻፍ ፈልጌ ነበር። ግን ይጠብቁኝ ነበር። ድልድዩ ላይ ሁልጊዜ ይጠብቁኛል። ንዴት ሰውን ውሸታም ያደርጋል።

ማክሰኞ

ምድር ቤታችን ዛሬ እንግዳ ገባ። ዳኛዋ። እኔን ፍለጋ አልመጣችም፣ ወይም መጥታ ከሆነ ሰበብ ይዛ ነው፤ ከላይ ያለው የጥርስ ሐኪም ለሌሊት የሚደረግ የጥርስ መከላከያ አዞላት ልኬት ልትሰጥ ነው። አፏን ስትከፍት ደነገጥኩ። የመንጋጋ ጥርሶቿ ተፍጭተው ሜዳ ሆነዋል። በእንቅልፏ ጥርሷን ታፋጫለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከተሾምኩ ጀምሮ» አለች።

ያቺ በሩጫም በዋናም የማትበገር ሴት! ጀሶውን እያቦካሁ አዘንኩላት፤ ቂሜን ግን አልተውኩም። አፏ በልኬት መውሰጃው ስለተሞላ መናገር አልቻለችም፣ እኔም ይህን አጋጣሚ በሚገባ ተጠቀምኩበት። «ሞግዚት አያስፈልገኝም ነበር» አልኳት። «ዘገምተኛ መሆኔን ሳትነግሩኝም አውቃለሁ። የመጨረሻ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አትምጪ ማለት ከፈለጋችሁ በአፋችሁ ንገሩኝ እንጂ ዘበኛ አታቁሙብኝ።»

ልኬቱን ሳወጣላት አፏን ተጉመጠመጠችና ወንበሩን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያሳየች ነበር የተናገረችው። አሁን ሳስበው፣ ሁልጊዜም ለእኔ እንዲህ ነው የምትናገረው።

«እትዬ፣ ስለ እግርዎ ማንም ምንም አላለም። እርስዎ መኪናውን አልሰሙትም። እኔ ግን ከፊት ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ‹መኪና› ብዬ ጮኬያለሁ፣ እርስዎ ግን ጩኸቴንም አልሰሙም። መሃል መንገድ ላይ ነበሩ። ሐኪሙ ያን ቀን ምን አለ መሰልዎት? ‹የሰው ልብ ከፍቼ እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ዛሬ ግን ተንቀጠቀጠ› አለ።»

ጀሶው ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ደረቀ።

«ደግሞ» አለች፣ «ከእርስዎ ኋላ መሄድ እወዳለሁ። በሳምንት ውስጥ ማንንም ለመቅደም የማልሞክርበት ጊዜ እሱ ብቻ ነው።»

«ጆሮዬ ደህና ነው» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። እሷም አልተከራከረችኝም። ልኬቱ ስለተበላሸ እንደገና ወሰድኩ።

ማክሰኞ ማታ

ባለቤቴን ያን ቀን ምን አስቆት እንደነበር ጠየቅኩት። የቡድኑ ጆሮ ነኝ ያልኩት ቀን።

መጽሐፉን አጠፈ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል» አለ።

«እሱ የሚባለው ለሐሜት ነው።»

«ያንቺ ለሁሉም ነው። ዓመት ሙሉ እየጮህኩ ነው የማወራሽ። ጎረቤቶቹ የምንጣላ ይመስላቸዋል። ያ ከታች ያለው ልብስ ሰፊ ‹ጋሼ፣ ለእርቅ ልግባ?› ብሎኛል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሻለሁ። አልሰማሽኝም።»

እኔ ሳልስቅ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ እሱ ሲተው እኔ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። መንገዱ ላይ ሰው ሊሞት ይችል ነበር። ቁጥሬ ሁለት ልጆች አሉት። ነፋሱ አይደለም።

ሐሙስ

ሻለቃው መጣ። ጥርሱ ኪሱ ውስጥ። የተለመደውን ንግግሬን ጀመርኩ፤ ሰው ያጣውን በመደበቅ መልሶ አያገኘውም ስል ምላሴ ተያዘ። እንዴት ያለሁ ሰው ነኝ? የራሴን ኪስ ማን ይፈትሽ?

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ስድቡን ጨርሺው እንጂ» አለ። ልክ እንደ ማዕረጉ ጮኾ ነው የሚናገረው፤ ለካ እሱን የምወደው ስለምሰማውም ነው።

«ሻለቃ፣ ውል እንግባ» አልኩት። «እርስዎ ጥርስዎን ከኪስ ያውጡ፣ እኔ ደግሞ ጆሮ ላይ የሚደረገውን ነገር አደርጋለሁ።»

ብዙ አሰበ። «ማን ይጀምር?» አለ።

«እርስዎ። ትልቅ ይቀድማል።»

አውጥቶ በመሀረቡ ጠረጋቸውና አደረጋቸው። በመስታወቱ ራሱን አየ። «ይህ ሰውዬ መልከ መልካም ነበር እኮ» አለ።

ዓርብ

በጆሮ ሐኪሙ በር በኩል ሳልፍ ወረፋ አልነበረም። ገባሁ። መንገዴ በዚያ በኩል አልነበረም።

ሰኞ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት በኋላ

መስሚያውን ሰጡኝ። ባቄላ የምታህል ነገር ናት። ዓለም ጫጫታ ናት! ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። የገዛ ጫማዬ ይንቋቋል። ጀሶ ሲፋቅ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው ረስቼው ነበር።

ባለቤቴ ጢሙን ሲላጭ ያንጎራጉራል። በሩ ስር ቆሜ ሰማሁት። ድሮ ያንጎራጉር ነበር፤ የተወው መስሎኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ቆምኩ። ሲወጣ አየኝና «ምን ሆነሻል?» ብሎ ጮኸብኝ።

«ቀስ ብለህ ተናገር፣ ደንቆሮ አይደለሁም» አልኩት።

ረቡዕ ማለዳ

ብስክሌቴ ትጮኻለች! ጎማውን የሚያዞረው ካቴና እንደ ታመመ ድመት ነው የሚያለቅሰው። በውኃ ማጠራቀሚያው ዳገት ላይ ውሾች ዞረው አዩኝ። ዘይት አጠጣሁት። ስንት ጊዜ ነው እነዚያ ሰዎች ይህን እየሰሙ ዝም ያሉት? ከአናቱ በፊት ካለው ምሰሶ ላይ ደረስኩ።

ቅዳሜ ማታ፣ ከዳገቱ ጉዞ በኋላ

መጀመሪያ ዳገቱን ልጻፈውና ይለቀቀኝ። አልጨረስኩትም። የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ወርጄ ብስክሌቴን እየገፋሁ ነው አናቱ ላይ የደረስኩት። እነሱ ሹራባቸውን ለብሰው፣ በልተው፣ ፎቶ ተነስተው ነበር። ቁጥሬ ስልኩን ኪሱ ከተተና ውኃ ሰጠኝ። ስለ ካቴናዬ ጩኸት አንድ ዓመት ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። «እማማ፣ እኛ እኮ እንዳሉ የምናውቀው በእሱ ነበር» አለ። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ስለ ክርኑ። ጠባሳውን አሳየኝ፤ የኮራበት ይመስላል። እማማ ማለቱን ግን እንዲተው ነገርኩት። «እሺ እማማ» አለ።

የሚቀጥለውም ዓመት እነሱን አልደርስባቸውም። ይህን ዛሬ አናቱ ላይ ቆሜ አወቅኩ፤ ያሰብኩትን ያህል አላመመኝም።

መጻፍ የፈለግኩት ግን ከዳገቱ በፊት ያለውን ነው። ጠዋት ስንነሳ ዳኛዋ እንደ ልማዷ ከኋላዬ ልትቆም መጣች። ፀጉሬን ገልጬ ጆሮዬን አሳየኋትና፣ «እትዬ ዳኛ፣ ቦታዬን ልቀቂልኝ» አልኳት። ሐኪሙን አየችው። ሐኪሙ እኔን አየኝ፤ ከዚያ በጣቱ ወደ መጨረሻው ቦታ ጠቆመልኝ።

ሜዳው መንገድ ላይ ወጣን። ነፋሱ ነበር፣ እንደ ድሮው። ከነፋሱ ስር ግን የሌላ ነገር ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭን ነው፣ ከኋላ ነው፣ እየወፈረ ይመጣል። ዞሬ አላየሁም። አፌን ሞልቼ «መኪና!» አልኩ።

ዳኛዋ «መኪና!» አለች። ከእሷ ፊት ያለው «መኪና!» አለ። ቁጥሬ በዚያ የስብሰባ ድምፁ «መኪና!» አለ። ቃሌ ከአፍ ወደ አፍ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደ፤ እኔም አንዱንም ሳልለቅ ተከተልኩት፤ ከፊት የሐኪሙ ድምፅ «መኪና» ሲል እስከምሰማ ድረስ። ሁሉም አንድ ላይ ጠርዝ ያዙ። ለካ እንዲህ ነበር የሚሄደው። ቃሉን እየላክሁ ሲደርስ ሳልሰማው ነው የኖርኩት።

መኪናዋ አለፈችን። ትንሽ ነጭ መኪና ናት፣ ምንም አልነበረችም። ሌላ እስኪመጣ ድረስ ጓጓሁ።